ከግራ አንድ ኢንች ተኩል

ጋሼ ላቀው መሞታቸውን የነገረችኝ እዚህ አሜሪካ፣ ፓሳዴና የሚኖሩበት ሕንጻ ኃላፊ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ደወለች። በራቸው ላይ ሦስት ቁልፍ ስለነበረ ሰባሪ ማስመጣት ነበረባት፤ መጀመሪያ የነገረችኝም እሱን ነው፣ እንደ ስሞታ። "ኦኬ፣ ኦኬ" ስላት ቆየሁና ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው እሪ ያልኩት። ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነበር። ተኝተው ነው የሞቱት፤ ማንም አልነካቸውም። ጉድ እኮ ነው፣ እኚህ ሰው በእንቅልፋቸው ሞቱ!

ሰው ሲሞት ደግነቱ ነው የሚወራው። እኔ ግን የማወራው ስለ ፍርሃታቸው ነው። እንደ ጋሼ ላቀው የፈራ ሰው አላየሁም፤ ፍርሃቱን ተሸክሞ እንደሳቸው ሥራውን የሠራም አላየሁም። በሕይወት እያሉ ይህን ጽፌ ቢያዩ ኖሮ በዚያው ቀን ቤት ይቀይሩ ነበር። አሁን ግን ማንም ምንም አያደርጋቸውም፤ ሶ ልናገር።

ዘመኑ በፈረንጅ ሰባዎቹ ነው። ያኔ እኔ ያለሁበት ፌርፋክስ ሰፈር የሀበሻ ሱቅ የሚባል የለም። እኔ ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ጠበቃ ቢሮ ታይፒስት ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቤቴ ሆኜ የተማሪዎችን ቴሲስ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ማለቴ ነው፣ ታይፕ አደርጋለሁ። ራሴን ላሞግስ ብዬ አይደለም... እሺ፣ ላሞግስ ብዬ ነው፤ እንደኔ የሚጽፍ አልነበረም። የኔ ገጽ ላይ ስህተት ፈልጎ ያገኘ የለም። የሀበሻ ተማሪ ሁሉ "ስንዱ ጋ ውሰደው" ይባባል ነበር። ጋሼ ላቀውንም ያመጣልኝ ይኸው ስሜ ነው።

አዲስ አበባ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ነው በስኮላርሺፕ የመጡት፣ ዶክትሬታቸውን ሊሠሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚህ አገር ሙቀት እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ያጥባሉ፤ ወረቀቱን ሲሰጡኝ እጃቸው ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

የሚጽፉት ስለ ኢትዮጵያ አልነበረም። "ስለ ራሳችን የጻፈ ሰው ዛሬ አንዱ ያጨበጭብለታል፣ ነገ ሌላው ያስረዋል" ብለው እስያ ዳር ድረስ ሄደው አንዲት ደሴት መረጡ። ተርናቴ ትባላለች። የራሷ ሱልጣን ያላት፣ መሐሏ ላይ እሳተ ገሞራ የቆመባት፣ ቅርንፉድ የሚበቅልባት ትንሽ ደሴት ናት። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ ፖርቱጋሎችና ስፔኖች ተባብረው፣ የጎረቤቷን የቲዶሬን ሰዎችም አስከትለው በመርከብ መጡና ከበቧት። ሱልጣኑና ሰዎቹ ምሽጋቸው ውስጥ ገብተው ዘጉ። ከበባው አልሰመረም። የከበበው ጦር ባሩድ አለቀበት፣ ታመመ፣ ትቶ ሄደ። የጋሼ ላቀው ጥናት ስለዚያ ከበባ ነው።

ስለ መድፉና ስለ ጦር አዛዡ ግን ብዙ አይጽፉም። የሚጽፉት ከውስጥ ስለነበሩት ሰዎች ነው። ምን በሉ፣ ውኃ ከየት ቀዱ፣ ግንቡ ላይ ወጥተው መርከቦቹን በቀን ስንት ጊዜ ቆጠሩ። "ጋሼ፣ ይህን ማን ነገረዎት?" ብላቸው ከከባቢዎቹ ደብዳቤ ላይ ለቃቅመው እንዳገኙት ነገሩኝ። "ከባቢው ቀኑን ሙሉ ግንቡን ሲያይ ነው የሚውለው። ሌላ ምን ሥራ አለው? የሚጽፈውም ያየውን ነው" አሉኝ።

ፍርሃታቸውን ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ አየሁት። ወደ ቤቴ ከመግባታቸው በፊት መንገዱ ዳር የቆሙትን መኪኖች ይቆጥራሉ። ገብተው በሩ የሚታይበት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ስልክ ሲጠራ "ስምሽን እንዳትናገሪ፤ ዝም ብለሽ አዳምጪ" ይሉኛል። ሱፐርማርኬት ውስጥ አማርኛ ከሰሙ የያዙትን ሁሉ መደርደሪያው ላይ ጥለው ይወጣሉ። የጽሑፋቸውን ሁለተኛ ቅጂ የሚያስቀምጡት የኔ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ቤት ቢቃጠል ፍሪጅ ውስጥ ያለ ወረቀት ይተርፋል ይባል ስለነበረ ብዙ ተማሪ እንዲህ ያደርጋል። የሳቸው ግን በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ ከበርበሬው ጀርባ ነው የሚቀመጠው። "ኸረ ጋሼ፣ ስለ ቅርንፉድ የተጻፈ ነገር ማን ይሰርቃል?" ብዬ እስቅባቸዋለሁ።

ምክንያቱን እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት። አብዮቱ እንደፈነዳ፣ ሚኒስትሮቹ በተረሸኑ ሰሞን፣ እዚህ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ ተነስተው "ያለ ፍርድ ሰው አይገደልም" ብለው ነበር። በቃ፣ ይህችኑ ብቻ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ጮኸባቸው፣ አንዱ ደግሞ ፎቶ አነሳ። አጠገባቸው ተቀምጦ የነበረ ጓደኛቸው ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ገባ። ከአውሮፕላን ሲወርድ ያየው አለ፤ ከኤርፖርት ሲወጣ ያየው የለም። የጋሼ ላቀው ቪዛ ደግሞ የተማሪ ነው። ትምህርቱ ካለቀ ቪዛው ያልቃል፤ ቪዛው ካለቀ ያው ኤርፖርት ነው። ጥገኝነት እንዳይጠይቁ ደግሞ እናታቸው አዲስ አበባ ብቻቸውን አሉ። ልጃቸው ከዳ ከተባለ ቀበሌው ምን እንደሚያደርጋቸው ያውቃሉ። አንድ መንገድ ብቻ ነበራቸው። ቴሲሱ ማለቅ የለበትም።

እኔ ምስኪኗ ግን የማየው ሌላ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ያመጣሉ፣ እጽፈዋለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ምዕራፍ በእርሳስ ሞነጫጭረው መልሰው ያመጡታል። እንደገና እጽፈዋለሁ።

"ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚገላገሉት?" እላለሁ።

"ገና ነው፣ ስንዱ። ገና ውኃ አላቸው።"

በሌላው ቅዳሜ "አሁንስ?" እላለሁ።

"ገና ነው። ከዘንባባ ግንድ የሚፈጩት ዱቄት አለ፤ እሱን አልጻፍኩትም" ይላሉ።

የመንደሩ ተማሪ ሁሉ ይስቅባቸዋል። "ጋሼ ላቀው ጡረታ ሲወጡ ይመረቃሉ" ይላል። እኔ ይከነክነኛል። ያፈሩ ይመስለኛል፤ መጨረስ አቅቷቸው በእርሳስ የሚደበቁ ይመስለኛል።

እንግዲህ የሠራሁትን ጉድ ልናዘዝ። በጥቅምት ወር አንድ ቀን የትምህርት ክፍላቸው ጸሐፊ ደወለችልኝ። አንድ ቅጽ ላይ ታይፒስት በሚለው ቦታ የኔ ቁጥር ተሞልቶ አግኝታ ነው። "ዘጠኝ ዓመቱ እኮ ነው" አለችኝ። "እዚህ ቢሮ ሁላችንም እየሳቅን ነው። ለመሆኑ ሰውዬው የጻፈው ነገር አለ?"

እየሳቅን ነው አለች! ደሜ ፈላ። የኛ ልጆች ይሳቁ፣ ግድ የለም፤ ፈረንጅ በጋሼ ላቀው ሊስቅ? "ምን ማለትሽ ነው? አልቋል እኮ!" አልኳት። "ታይፕ አድርጌ ከጨረስኩት ወር አልፎታል። እስከ መጨረሻዋ ገጽ እኔ ጋ አለ። እሳቸው ጥንቁቅ ስለሆኑ ነው የያዙት።" የመጨረሻውን ምዕራፍ አሥራ አንድ ጊዜ ስለጻፍኩት የዋሸሁም አልመሰለኝ። ሴትዮዋ ተደሰተች፣ አመሰገነችኝ፣ ለፕሮፌሰሩ ዛሬውኑ እነግራለሁ አለች። እኔም የሰው ስም ያዳንኩ መስሎኝ ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ቅዳሜ ሲመጡ ከዳቦ ቤቱ ኬክ ገዝቼ ጠበቅኋቸው። "እንኳን ደስ አለዎት!" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የጠበቅሁት ምርቃት ነበር።

ጋሼ ላቀው ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ምን ብለሽ ነገርሻት? ቃል በቃል ንገሪኝ" አሉ። ቃል በቃል ነገርኳቸው። "ስንዱ፣ ልጄ፣ ገደልሽኝ" አሉኝ። አልጮኹም። ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው ያሉት።

ያን ጊዜ ነው ስለ ፎቶው፣ ስለ ጓደኛቸው፣ ስለ እናታቸው የነገሩኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አፌን በመርፌ በሰፋሁት! እኔ ምን አገባኝ፣ ማን ተናገሪ አለኝ እያልኩ ስነፈርቅ እሳቸው ናቸው የሚያባብሉኝ። "ተነሺ፣ ተነሺ። ለክብሬ ብለሽ ነው። አንቺ በምን ታውቂ" ይሉኛል። ኬኩን ማንም ሳይነካው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ገሰገሰ። ፕሮፌሰሩ የፈተና ቀን ቆረጡ። ጋሼ ላቀው ሦስት ፈረንጆች ፊት ቆመው ስለ ደሴቷ ተጠየቁ፣ መለሱ፣ አለፉ። "ዶክተር ላቀው" ብለው ጨበጧቸው። እሳቸው ወጥተው መጸዳጃ ቤት ገቡና አስመለሱ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ንጹሑ ቅጂ ላይብረሪ ገብቶ ካልተቀበሉት ዲግሪው አይጻፍም፤ ዲግሪው እስኪጻፍ ድረስ ደግሞ ተማሪ ናቸው።

ቅጂውን የምትቀበለውን የላይብረሪ ሴትዮ የማይፈራ ታይፒስት አልነበረም። ሽበታም፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ከትንሽ መስኮት ጀርባ የምትቀመጥ ሴት ናት። እጇ ላይ ማስመሪያ አለ። ገጹን ሁሉ እያገላበጠች ማርጂኑን ትለካለች። በግራ በኩል ባዶ የሚተወው አንድ ኢንች ተኩል መሆን አለበት፤ መጽሐፉ የሚሰፋበት ነው። ፀጉር ታህል ካነሰ አትቀበልም። የተመላሽ ማህተም ትመታና በሚቀጥለው ተርም ተመለሱ ትላለች። አንድ ተርም ሦስት ወር ነው።

ሦስት ቀን አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ቆይቼ አራተኛው ቀን ሆቴላቸው ድረስ ሄድኩ። "ጋሼ" አልኳቸው፣ "እኔ ልሳሳት።"

አልገባቸውም። አስረዳኋቸው። ሲገባቸው ዙሪያቸውን አዩ፤ ከሰሃኑ በቀር ማንም አልነበረም። "ቢያውቁብሽስ?" አሉ። "ታይፒስት ተሳሳተ ብሎ የሚያስር የለም" አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

ሁለት መቶ ሰማንያ ገጽ ነው። ማሽኑን ትንሽ ወደ ግራ ገፋ አድርጌ ሁሉንም ጻፍኩት። ሴትዮዋ ለካች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ማህተም መታች፤ ሦስት ወር። ሁለተኛ ጊዜ የገጹን ቁጥር ወደ ታች አወረድኩት፤ ሦስት ወር። ሦስተኛ ጊዜ መሐል ላይ የፊደሉን ዓይነት ቀየርኩት፤ ሦስት ወር። በየጊዜው ጋሼ ላቀው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አጠገቤ ይቆማሉ። ማህተሙ ሲያርፍ ትንፋሻቸው ሲወጣ ይሰማኛል።

የኔን ስም ግን ወሬ በላው። "ስንዱ ዓይኗ ደከመ"፣ "የስንዱ ነገር አበቃ" ተባለ። አንዱ ፊት ለፊቴ ቴሲሱን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ ወሰደ። አንጀቴ አረረ። ልናገር ነው፣ ልናገር ነው እያልኩ ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም።

በዚያን ጊዜ ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ሁሉ ሬሳ ነው። ልጆች በየደጃፉ ተገድለው አደሩ ይባላል። የእናታቸው ደብዳቤ ተቀዶ፣ በፕላስተር ተለጥፎ ይደርሳቸዋል፤ ይዘቱ ስለ ጤና ብቻ ነው። አንድ ሰሞን ቤቴ ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች መኪና ውስጥ ለሁለት ቀን ተቀመጡ። ጋሼ ላቀው በጓሮ በኩል ወጥተው አውቶቡስ ተሳፈሩና ሦስት ቀን ጠፉ። ሰዎቹ ለካ ዳቦ ቤቱን ሊገዙ የመጡ ናቸው። ይህን ነገርኳቸው፤ "እነሱማ እንዲህ ነው የሚሉት" አሉኝ።

አራተኛው ዙር ሲደርስ አንድ ነገር ሰማን። ከሦስት ጊዜ በላይ መመለስ አይፈቀድም፤ አራተኛው ካልተስተካከለ ተማሪው ይሰረዛል። ጋሼ ላቀው ይህን የሰሙ ቅዳሜ መጥተው ኮታቸውን አወለቁ። ሲያወልቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

"በልኩ ጻፊው" አሉ።

"ጋሼ!"

"መሄዴ ካልቀረ ሥራዬ ንጹሕ ሆኖ ይቅር። ያንቺም ስም ይመለስ። ይበቃል፣ ስንዱ። እኔ ደከመኝ።" ለእናታቸው እመጣለሁ ብለው ጽፈዋል። ሻንጣም ገዝተዋል።

ሁለት መቶ ሰማንያውን ገጽ እያለቀስኩ ጻፍኩት። ወረቀቱ እንዳይረጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነበር። አንዲት ስህተት የለበትም። እንደዚያ አድርጌ የጻፍኩት ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለኝም።

ሴትዮዋ ማስመሪያዋን አነሳች። የመጀመሪያውን ገጽ ለካች፣ ሁለተኛውን ለካች። ብዙ ገጽ ከሄደች በኋላ ቀና ብላ ጋሼ ላቀውን አየቻቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ፤ ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ተጨማድዷል። ተመልሳ ያንኑ ገጽ ለካችው። "ይህ ልክ አይደለም" አለች።

እንዴት አይደለም! ልክ ነው! ልላት አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እጄን ዘርግቼ ማስመሪያውን ልቀማት ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አንድ ጊዜ በዚህ አፌ ያደረግሁት ትዝ አለኝና ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። ማህተሙን መታች። አራተኛ ጊዜ። በሚቀጥለው ተርም ተመለሱ አለች፣ ስለ መሰረዝ አንድም ቃል ሳትተነፍስ።

ቤት ገብተን ሁሉንም ገጽ በየተራ ለካነው። ከግራ አንድ ኢንች ተኩል። አንድም የጎደለ የለም።

እኔ ደስታ ሊያፈነዳኝ ነው። ጋሼ ላቀው ግን ወረቀቱን አስቀምጠው ወደ በሩ አዩ። "ታውቃለች ማለት ነው" አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። "ካወቀች ደግሞ ለማን ነገረች? ማን ነገራት? ስንዱ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ለሰው ተናገርሽ?" እመብርሃንን፣ አልተናገርኩም ብዬ ማልኩ። በዚያው ሳምንት ቤታቸውን ለቀቁ። ሁለት ሳምንት እኔም አድራሻቸውን አላወቅሁም።

በዚያ ክረምት የምሠራበት ቢሮ ጠበቃ ጋዜጣ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። አሜሪካ ኢትዮጵያውያንን ለጊዜው ወደ አገራቸው አታባርርም ይላል። ጫማዬ ተረከዙ ተሰብሮ፣ በአንድ እግሬ እያነከስኩ ነው ሳንታ ሞኒካ የደረስኩት። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ጨርሼ ስመለከታቸው "ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?" አሉ። አቤት ጋሼ ላቀው!

ቢሆንም አሁን መጨረስ ይችላሉ። ያንኑ ወረቀት፣ ፊደል ሳንነካ፣ አራት ጊዜ ማህተም ወዳየንበት መስኮት ይዘን ሄድን። ጠረጴዛዋ ላይ ያው ጋዜጣ ተዘርግቷል፤ ሴትዮዋ አንዲት ገጽ ብቻ ለካች። "አሁን ልክ ነው" አለችና ተቀበለች፤ ደረሰኝ ሰጠች።

ደጅ ስንወጣ ጋሼ ላቀው ደረጃው ላይ ቆሙ። ላብ አጥምቋቸዋል። "ስንዱ፣ ተመልሰሽ አመስግኝልኝ" አሉ። "እኔ ፈራሁ።"

ተመለስኩ። ሴትዮዋ የሌላ ሰው ወረቀት እየለካች ነበር። አመሰግናለሁ አልኳት። ቀና አለች፣ ከኋላዬ ሰው እንደሌለ አየች። "ማርጂናቸው የማይስተካከል ብዙ ልጆች አሉኝ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ከናንተ አገር አሉ። ከኢራን አሉ። ከቺሊ አሉ። እኔ የምችለው መለካት ነው፣ እለካለሁ።" ከዚያ ማስመሪያዋን መልሳ ወረቀቱ ላይ አስተኛችው።

ስወጣ ጋሼ ላቀው ደረጃው ላይ የሉም። ፈልጌ ፈልጌ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ፣ ከአንድ ግንብ ጀርባ ቆመው አገኘኋቸው። ደረሰኙን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘውታል።

"ምን አለች?" አሉኝ።

ልነግራቸው ነበር። ዓይናቸውን አየሁት። ብነግራቸው በዚያች ሌሊት አይተኙም። የኢራኑም የቺሊውም ልጅ፣ ሴትዮዋም፣ ማን ለማን ይናገር ይሆን እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ይቆጥራሉ። እስኪሞቱ ድረስም አልነገርኳቸው።

"ምንም" አልኩ።

"ምንም? ስታመሰግኛት ምንም አላለችም?"

"ቀና ብላም አላየችኝ፣ ጋሼ።"

"ተመስገን" አሉ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ እጄን አልለቀቁም።